«ሁሉንም በአሮው ጻፉና ተገላገሉ» አያስኬድም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የቴክኖሎጂ ገጻችሁን አዘውትረው ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። የስልክ ዋጋና የአዳዲስ ሞዴል ወሬ ብቻ ከማውጣት አልፋችሁ ስለ ኮዲንግ መጻፍ መጀመራችሁን ወድጄዋለሁ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ «ከየት ልጀምር?» ብሎ የማይጠይቀኝ የሰፈር ልጅ የለም፤ እንዲህ ያለ አምድ በእርግጥ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ይከነክነኛል። በቅርቡ ድረ ገጾችን ስለሚያንቀሳቅሰው የኮድ ቋንቋ፣ ስለ ጃቫስክሪፕት፣ ያወጣችሁት ጽሑፍ «ዚስ» (this) የሚለው ቃል ጋ ሲደርስ፣ ጀማሪ በሱ ራሱን አያስጨንቅ፣ ፋንክሽኑን (ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራውን የኮድ ቁራጭ) ሁሉ በአሮው፣ ማለትም በቀስት ምልክት (=>) በሚጻፈው አጭር አጻጻፍ፣ ይጻፍና ይገላገል ብሎ አለፈው። ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ግን ነገ ሥራ ላይ ሰው ኩም የሚያደርግ ምክር ነው። ልጆቹ የሚፈልጉት መገላገያ ሳይሆን አንዲት ሕግ ናት፤ እሷን ከያዙ አሮውም፣ ዚስን ከባለቤቱ ጋር የሚያስረው ባይንድም ለምን እንደተፈጠሩ ራሳቸው ይገባቸዋል።

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ኦብጀክት ማለት መረጃንና በመረጃው ላይ የሚሠሩ ፋንክሽኖችን አንድ ላይ የያዘ ነገር ነው። በውስጡ ያለው ፋንክሽን (ሜተድ ይባላል) «ዚስ» ሲል የራሱን ኦብጀክት ማለቱ ነው፤ ቢያንስ ስንጽፈው እንደዚያ ብለን ነው። ራሳችን እስከጠራነው ድረስ ችግር የለም። ጣጣው የሚጀምረው ፋንክሽኑን «ጊዜው ሲደርስ አንተ ጥራልኝ» ብለን ለሌላ ስናስረክበው ነው። ለበተን፣ ለሰዓት ቆጣሪ፣ ከሰርቨር መልስ ለሚጠብቀው ፕሮሚስ። ኮልባክ የሚባለው ይሄ ነው። ታዲያ ሌላው ሲጠራው ዚስ ያ የምናስበው ኦብጀክት ላይሆን ይችላል።

ይሄ የመጽሐፍ ችግር የሚመስለው ካለ የሚከተለውን ይስማ። የማውቀው አንድ ልጅ ለአንድ አከፋፋይ ድርጅት የዋጋ ዝርዝር የሚያሳይ ገጽ ሠራ። ገጹ ሲከፈት ዋጋው ከሰርቨር ይመጣል፣ ከዚያ «ዋጋ አሳይ» የሚለው ሜተድ ይረከበውና ሠንጠረዡን ይሞላል። መሀል ላይ ኢረር ቢፈጠር ደግሞ ኢረሩን የሚቀልበው ካች ውስጥ «እባክዎ ኢንተርኔትዎን ያረጋግጡ» የሚል መልእክት አስቀምጧል። አስተዋይ ልጅ ነው፤ እዚህ አገር ኢረር ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ኔትዎርክ አይደል?

ገጹ ተከፈተ፤ «እባክዎ ኢንተርኔትዎን ያረጋግጡ»። ራውተሩን አጥፍተው አበሩት። ያው ነው። ከስልክ ሆትስፖት ከፈቱ፤ ያው። አለቃው «ዛሬ ኔትዎርኩ ታሟል» ብለው ፈረዱ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ልጁ ደወለልኝ። ብራውዘሩ ውስጥ የኔትዎርክ ትሩን ክፈትና ጥያቄህ ምን መልስ እንዳገኘ ንገረኝ አልኩት። 200 ይላል። ማለትም ሰርቨሩ በሥርዓቱ መልሷል።

«ጋሼ፣ ዳታው እኮ መጥቷል!»

«መጥቷል። አሁን ካች ውስጥ የገባውን ኢረር ራሱን ኮንሶል ላይ አውጣውና አንብብልኝ።»

አነበበው። ብራውዘሩ የሚለው በአጭሩ «አንዲፋይንድ በሆነ ነገር ላይ ዝርዝር ማስቀመጥ አልችልም» ነው፤ አንዲፋይንድ ማለት ምንም ያልተሰጠው ማለት ነው። ኔትዎርኩ በከንቱ ታማ! ልጁ የጻፈው፣ መልሱ ሲመጣ የሚጠራውን ፋንክሽን በሚቀበለው «ዴን» ቅንፍ ውስጥ ዚስ ነጥብ ዋጋ አሳይ ብቻ ነበር። ሜተዱን አስረከበ፣ ባለቤቱን ግን አላስረከበም። መልሱ ሲመጣ ፕሮሚሱ ሜተዱን ብቻውን ጠራው። ክላስ (የኦብጀክት ንድፍ) ውስጥ የተጻፈ ኮድ ሁልጊዜ ስትሪክት ሞድ በሚባለው ጥብቅ ሥርዓት ላይ ስለሆነ ዚስ አንዲፋይንድ ሆነ፤ ዝርዝሩን የሚያስቀምጥበት ኦብጀክት አጣ፣ ኢረር ጮኸ፣ ካች ቀለበው፣ ደንበኛው ኢንተርኔቱን ተጠራጠረ። በነገራችን ላይ ካች ውስጥ የመጣውን ኢረር ሳያዩ የራስን ግምት ለተጠቃሚ ማሳየት ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ሕጓ ይህች ናት። በተራ ፋንክሽን ውስጥ ዚስ ማን እንደሆነ የሚወሰነው ፋንክሽኑ በተጻፈበት ቦታ ሳይሆን በተጠራበት መንገድ ነው። ወረቀት ላይ «ማታ ቤቴ ና» ብዬ ጽፌ ለጎረቤቴ ብሰጠውና እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነበው፣ የሰማው ሰው የሚሄደው ጎረቤቴ ቤት ነው። ጽሑፉ የኔ ነው፤ «ቤቴ» ግን የሚያነበው ሰው ቤት ሆነ።

ወደ ኮዱ ስንመለስ፣ «ሱቅ» የሚባል ኦብጀክት አለን እንበል፤ ውስጡ 0 ላይ ያለ «ድምር»፣ እንዲሁም ዚስ ነጥብ ድምር ላይ አንድ ጨምሮ ውጤቱን ገጹ ላይ የሚጽፍ «ሽጥ» የሚባል ሜተድ አለ። (ጃቫስክሪፕት በፊደላችን የተጻፈ ስም ይቀበላል፤ ሱቅ ብላችሁ ብትጽፉ አይቆጣም። ብዙ ሰው ይሄን ስነግረው አያምነኝም፤ ሞክሩት።) ሱቅ.ሽጥ() ብዬ ስጠራው ከነጥቡ በስተግራ ያለው ሱቅ ነው፣ ስለዚህ ዚስም ሱቅ ነው። ድምሩ 1 ይሆናል። አሁን ያንኑ ሱቅ.ሽጥ ያለ ቅንፍ ሲጫን የሚጠራውን ፋንክሽን ለሚቀበለው ለበተኑ አድ ኢቨንት ሊስነር ልስጠው። ቅንፉ ስለሌለ እየጠራሁት አይደለም፤ ፋንክሽኑን ብቻ ነቅዬ ነው የሰጠሁት። ነጥቡም ሱቁም ከኋላ ቀርተዋል። በተኑ ሲጫን ብራውዘሩ ዚስን በተኑ ራሱ ያደርገዋል። በተን ደግሞ ድምር የሚባል ነገር የለውም። አንዲፋይንድ ላይ አንድ ሲደመር «ናን» ይወጣል፣ ቁጥር አይደለም ማለቱ ነው። ደንበኛው ገጹ ላይ ናን ያያል፣ የሱቁ ድምር 0 ላይ እንደተገተረ ይቀራል፣ በተኑ ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን ድምር የሚባል ንብረት ተሸክሞ ይዞራል። ቀይ ኢረር የለም። ኮንሶሉ ንጹሕ ነው። ቀይ ኢረር እኮ ቢያንስ መስመሩን ይነግራችኋል!

ከዚህም የባሰ አለ። ፋንክሽኑን ለሰዓት ቆጣሪው ለሴት ታይምአውት ብትሰጡት ብራውዘር ውስጥ ዚስ ዊንዶው፣ የብራውዘሩን መስኮት የሚወክለው ኦብጀክት፣ ይሆናል። ዊንዶው ደግሞ «ኔም» የሚባል የራሱ ንብረት አለው፣ ሲጀመርም ባዶ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የኦብጀክታችሁ ንብረት በእንግሊዝኛ ኔም ከተባለ፣ ሰላም ብሎ የተጠቃሚውን ስም የሚጠራው መልእክታችሁ ሰላም ብሎ ዝም ይላል። ስሙን ባዶ ያደረገው ዳታቤዙ ነው ብሎ ሲፈልግ ያመሸ ሰው አውቃለሁ። ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው ኖድ ላይ ሲሆን ደግሞ ያው ሴት ታይምአውት ዊንዶው የሚባል ነገር ስለሌለው ዚስን የራሱ የታይምአውት ኦብጀክት ያደርገዋል። አንድ ፋንክሽን፣ ጠሪው ሲቀያየር ዚስ አብሮ ይቀያየራል። ሕጓ እዚህም ያችው ናት።

ለምን እንዲህ ተሠራ? ብሬንዳን አይክ የቋንቋውን የመጀመሪያ ቅርጽ የብራውዘር ኩባንያው ኔትስኬፕ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በሜይ 1995 በ10 ቀን ነው። ፋንክሽንን እንደ ማንኛውም ቁጥርና ጽሑፍ አንስቶ ለሌላ መስጠትን ስኪም ከሚባለው ቋንቋ ወሰደ። መልኩ ግን ጃቫን እንዲመስል ተፈልጎ ስለነበር ዚስም አብሮ መጣ። ሁለቱም ለየብቻቸው ጥሩ ናቸው፤ ሲገናኙ ነው ነገሩ የመጣው። የያኔው ጃቫ ውስጥ ሜተድን ከኦብጀክቱ ነቅሎ ለሰው መስጠት የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ ዚስ የሚጠፋበት መንገድ አልነበረም። ፓይተን ደግሞ በሌላ መንገድ ፈታው፤ ሱቅ.ሽጥ ስትሉት ሜተዱን ከነባለቤቱ አስሮ ነው የሚሰጣችሁ። ለዚህ ነው ከፓይተን የመጡ ልጆች እዚህ ሲደርሱ የሚደናገሩት። ሰንፈው አይደለም።

ፕሮግራመሮች ለዓመታት በራሳቸው መላ ኖረዋል። የድሮ ኮድ የከፈተ ሰው «ቫር ሴልፍ» ወይም «ቫር ዛት» ተብሎ ዚስ ወደ ተራ ቫሪያብል ሲገለበጥ ያያል። ብታምኑም ባታምኑም ያኔ ምርጡ ዘዴ ነበር፤ ተራ ቫሪያብል የተጻፈበትን ቦታ ስለሚያስታውስ በጠሪው አይቀየርም። ፕሮቶታይፕ የሚባለው ላይብረሪ የራሱን ባይንድ ሠራ፣ ጄኩዌሪ የሚባለውም ፕሮክሲ የሚል አመጣ። ባይንድ በቋንቋው ውስጥ ራሱ የገባው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 በወጣው የቋንቋው 5ኛ እትም ነው። አሮው ፋንክሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015። አሮው የራሱ ዚስ የለውም፣ ከተጻፈበት ቦታ ያለውን ነው የሚጠቀመው። ለዛ ነው የሚያድነው።

ለዛም ነው የሚያጠፋው። የጽሑፋችሁን ምክር ቃል በቃል የሚከተል ልጅ ምን እንደሚገጥመው ተመልከቱ። «ፋንክሽኑን ሁሉ» ተብሏልና የሱቁን ሽጥ ራሱን በአሮው ይጽፈዋል። አሁን ሱቅ.ሽጥ() ብሎ በትክክል፣ በነጥብ፣ በቅንፍ ቢጠራው እንኳ ዚስ ሱቅ አይሆንም። የኦብጀክት ማቀፊያ ቅንፍ የራሱን ዚስ አይፈጥርማ! አሮው ከዚያ ውጭ ያለውን ይወስዳል፤ ፋይሉ ሞጁል (ኢምፖርት ተደርጎ የሚሠራ ፋይል) ከሆነ አንዲፋይንድ፣ ተራ ስክሪፕት ከሆነ ዊንዶው። ተራ ፋንክሽን ቢሆን ኖሮ ያለ ምንም ችግር ይሠራ የነበረው ነገር ተበላሸ ማለት ነው። ባይንድ ላድርገው ቢል አይሰማውም፣ ዚስን ከውጭ እያቀበሉ ፋንክሽን የሚጠሩት ኮልና አፕላይም አይሠሩም፤ አሮው ላይ ዚስን ከውጭ መቀየር አይቻልም። ልጁ ሐኪሙ ያዘዘለትን መድኃኒት በትክክል ወስዶ ነው የታመመው።

እኔ ለልጆች የምነግራቸው እንዲህ ነው። ሜተዱን ስትጽፉ በተራው መንገድ ጻፉት። ስታስረክቡት ግን በአሮው ጠቅልላችሁ አስረክቡ። ማለትም ለበተኑ ሱቅ.ሽጥን ከመስጠት፣ ውስጡ ሱቅ.ሽጥ() ብሎ የሚጠራ አንዲት አጭር አሮው ስጡት። በተኑ የሚጠራው አሮውን ነው፣ ሱቁን የሚጠራው አሮው ነው፣ ነጥቡም ቅንፉም በቦታቸው አሉ። ለማንበብም ግልጽ ነው። የዋጋ ዝርዝሩም የተስተካከለው በዚሁ ነው፤ ዴን ውስጥ «ዳታ» የምትባል ነገር ተቀብላ ዚስ.ዋጋ አሳይ(ዳታ) የምትል አሮው ገባች፣ አለቀ። ራውተሩም ዕረፍት አገኘ።

ባይንድም ያው ሥራ ይሠራል፤ አንድ ወጥመድ ግን አለው፣ እሱን የሚያስተምር አሠልጣኝ ብዙም አላየሁም። ባይንድ በተባለ ቁጥር የሚመለሰው አዲስ ፋንክሽን ነው። ስለዚህ አድ ኢቨንት ሊስነር ላይ ሱቅ.ሽጥ.ባይንድ(ሱቅ) ብላችሁ፣ ማንሻው ሪሙቭ ኢቨንት ሊስነር ላይም ያንኑ መስመር ብትደግሙ አይነሳም። ለእናንተ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፣ ለብራውዘሩ ሁለት የተለያዩ ፋንክሽኖች ናቸው፤ ያልነበረውን አንሳ እንዳላችሁት ቆጥሮ ያለምንም ተቃውሞ ያልፋችኋል። ገጹ ሳይታደስ ያ ኮድ በተደጋገመ ቁጥር ሊስነሩ ይደራረባል። አንዴ ሲጫን ሦስቴ የሚልክ ፎርም ካያችሁ መጀመሪያ እዚህ ጋ ፈልጉ። መፍትሔው ባይንድ የተደረገውን አንዴ ቫሪያብል ላይ አስቀምጦ ለመጨመርም ለማንሳትም እሱኑ መጠቀም ነው። የአሮውም ጉዳይ ያው ነው፣ እዚያው ቅንፍ ውስጥ የተጻፈች አሮው ስም ስለሌላት በኋላ በሪሙቭ ኢቨንት ሊስነር ማንሳት አይቻልም። ከተረሱት ውስጥ አንዱን ልጨምር፤ አድ ኢቨንት ሊስነር በፋንክሽን ፋንታ «ሃንድል ኢቨንት» የሚባል ሜተድ ያለው ኦብጀክት ራሱን ይቀበላል። ያኔ ዚስ ኦብጀክቱ ነው፣ ባይንድ አያስፈልግም፣ ሲነሳም በስሙ ይነሳል። ለምን እንደማይወደድ አላውቅም፤ እኔ እወደዋለሁ።

ዝርዝርን ተራ በተራ በሚያስኬዱት ፎርኢችና ማፕ ላይ በሁለተኛ ቦታ ዚስ የሚሆነውን ማቀበል ይቻላል፤ የሰጣችኋቸው ፋንክሽን አሮው ከሆነ ግን ከቁብ አይቆጥረውም። በዚህ አልቆይም።

ገጽ መሥሪያው ላይብረሪ ሪአክት ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ አብዛኛው ልጅ ይሄን ነገር የሚያገኘው እዚያ ስለሆነ። ድሮ «ክሪኤት ክላስ» በሚባለው መንገድ ሲጻፍ ሪአክት ራሱ ሜተዶቹን ያስርላችሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በቋንቋው ክላስ መጻፍ ሲፈቀድ ያ ምቾት ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው ኦብጀክቱ ሲፈጠር በሚሠራው ኮንስትራክተር ውስጥ ዚስ.አስቀምጥ እኩል ይሆናል ዚስ.አስቀምጥ.ባይንድ(ዚስ) የሚለው መስመር ለእያንዳንዱ ሜተድ መደርደር የጀመረው። ስንቱ ሸምድዶት ነበር መሰላችሁ! ለምን ዚስ በግራም በቀኝም በቅንፍም እንደሚገባ ብትጠይቁት ግን «እንዲህ ነው የሚጻፈው» ነው መልሱ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 ሁክስ የሚባለው የሪአክት አጻጻፍ ከመጣ ወዲህ በፋንክሽን ብቻ መጻፍ ስለሚቻል አዲሱ ትውልድ ዚስን ሳያይ ሥራ ሊይዝ ይችላል። ይችላል ግን የቆየውን ኮድ ማን ሊጠግነው ነው? እዚህ ከተማ ያሉት ድርጅቶች የሚቀጥሩት እኮ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ነገር እንዲሠሩላቸው አይደለም፣ የተሠራው እንዳይወድቅ እንዲጠብቁላቸው ነው።

አንዳንዱ አንባቢ ኮዱን ከመሮጡ በፊት የሚመረምረው ታይፕስክሪፕት ይሄን ሁሉ ይይዝልናል ሊል ይችላል። ኖ ኢምፕሊሲት ዚስ የሚለውን ማስተካከያውን ካበራችሁት ዚስ ምን እንደሆነ ባልታወቀበት ቦታ ያስጠነቅቃችኋል፣ ጥሩ ነው፣ አብሩት። ሜተድን ነቅሎ ለሌላ መስጠትን ግን ሁሌ አይከለክልም። ማስጠንቀቂያው ቢመጣም ሕጓን የማያውቅ ሰው የሚያደርገው ማስጠንቀቂያው ጸጥ እስኪል ድረስ ኮዱን መነካካት ነው።

ለአሠልጣኞችም አንድ ቃል። ዚስን ለማስተማር የክላስ ምዕራፍ እስኪመጣ አትጠብቁ። ቅንፍ ያለውና ቅንፍ የሌለው ልዩነት በደንብ በገባቸው ቀን፣ እዚያው ላይ አምጡት። ገጹ ውስጥ ያለን ነገር የሚፈልገው ዶኩመንት ነጥብ ኩዌሪ ሴሌክተር ረዘመብን ብለው ወደ አጭር ስም ገልብጠው ሲጠሩት ክሮም ላይ «ኢሊጋል ኢንቮኬሽን» (ሕገ ወጥ ጥሪ) የሚል ኢረር ይመጣባቸዋል፤ ልጆች በራሳቸው ፍላጎት የሚሞክሩት ነገር ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም። ዶኩመንት ከግራ ሲቀር ሜተዱ የማንን ገጽ እንደሚፈልግ አያውቅም። ይሄን ያየ ልጅ የበተኑን ናን አይቶ አይደናገጥም።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው እትም ከጽሑፉ ሥር ይህቺን ማስተካከያ አውጡልን፦ አሮው የሚጻፈው ለኮልባክ ነው፤ የኦብጀክት ሜተድ ራሱ በአሮው አይጻፍ። ሌላው፣ የኮድ ምሳሌ ስታትሙ ገጽ አቀናባሪያችሁ ትምህርተ ጥቅሱን ሁሉ ወደ አማርኛው ጥቅስ ቀይሮታል። ጋዜጣው ላይ ያምራል፣ ብራውዘር ውስጥ ግን አንዱም መስመር አይሠራም። ኮዱን ሳትነኩት እንዳለ አትሙት፤ ካልሆነም በፎቶ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ